ክቡ ሳይዘጋ በፊት

የእህቴ ልጅ፣ አብራሽ የምትሠራው ነርስ ለሃይማኖቷ ለዊካ በዓል እንደ ጠራችሽና «ሄጄ ምን አደርጋለሁ? ምንስ እተዋለሁ?» ብለሽ እንደ ጠየቅሽኝ ሌሎቹ ዘመዶችሽ ቢሰሙ ገሚሱ ያማትባል፣ ገሚሱ ይቆጣሻል። እኔ ግን ሳትሄጂ መጠየቅሽን ወድጄልሻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በሰው ሃይማኖት ደጃፍ ላይ ደርሶ መታጠቅ ደግሞ የባሰ ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር ከዊካ ሰዎች ጋር በሥራም በጉርብትናም ተዋውቄያለሁ፤ በዓላቸውንም ዳር ቆሜ አይቻለሁ። የምነግርሽ ያየሁትንና ከእነሱው አፍ የሰማሁትን ነው። ምክሬ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ ከገባሽ በሙሉ ልብሽ ግቢ፤ ልብሽ ካልሞላ በአክብሮት ዳር ቁሚ። ይህን የምትወስኚው ግን ለአምልኮ የሚያበጁት ክብ ሳይዘጋ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና መጀመሪያ ማን እንደሆኑ እወቂ። ዊካ ዛሬ በምናየው መልኩ የወጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። ጄራልድ ጋርድነር የሚባል፣ በማላያ የጉምሩክ ሹም የነበረ እንግሊዛዊ፣ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ከገባ በኋላ በ1939 ኒው ፎረስት በሚባል አካባቢ ከአንድ ምሥጢራዊ ቡድን ጋር ተቀላቀልሁ ይል ነበር። በ1951 የአገሩ የጥንቆላ ሕግ ሲሻር አደባባይ ወጣ፤ በ1954 መጽሐፍ አሳተመ። ዶሪን ቫሊየንቴ የምትባል ሴት የሥርዓቱን ቃል አሳምራ ጻፈችለት። በ1960ዎቹ ደግሞ ሬይመንድ በክላንድ ወደ ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ አሻገረው። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፉ በዝቷል፤ አንዱ ቡድን የሚያደርገውን ሌላው አያደርግም። ስለዚህ አንድ ቦታ ያየሽውን ይዘሽ ሌላው ዘንድ «እንዲህ አይደለም እንዴ?» አትበዪ። እንደየአገሩ ይኖሩ፣ እንደየወንዙ ይሻገሩ።

አብዛኞቹ አንዲት እንስት አምላክና አንድ ተባዕት አምላክ ያከብራሉ። በጨረቃ ሙላት ይሰበሰባሉ፤ በዓመት ውስጥም ከወቅቶች ጋር የሚዞሩ ስምንት በዓላት አሏቸው። ሰይጣንን አያመልኩም፤ በእምነታቸው ውስጥ ቦታ የለውም። ራሳቸውን ጠንቋይ ብለው ሲጠሩ ብትሰሚም፣ አገር ቤት የምናውቀው ብር ተቀብሎ ጎረቤት ላይ መተት የሚያስር ሰው አይምጣብሽ። የሥነ ምግባራቸው ምሰሶ ማንንም አለመጉዳት ነው፤ የላክሽው በጎም ይሁን ክፉ በሦስት እጥፍ ይመለስብሻል የሚሉም ብዙ ናቸው። በ1986 ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ እስረኛ ባቀረበው ክስ ዊካ በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ ሃይማኖት ነው ብሏል። እንግዲህ የተጠራሽው ወደ ትርዒት እንዳልሆነ ልብ በዪ፤ ወደ ሰው አምልኮ ነው።

አንቺን የጠሩሽ ለኦክቶበር 31ዱ በዓል ነው። ሲጻፍ ሌላ ይመስላል፤ ሲጠራ «ሳዊን» ነው። ይህንን አውቀሽ ሂጂ፤ የበዓሉን ስም አጣምሞ የሚጠራ እንግዳ ሳይናገሩት ይታዘቡታል። ከሃሎዊን ጋር በአንድ ቀን ስለዋለም የቀልድ ልብስ ለብሰሽ፣ ረጅም ጥቁር ቆብ አድርገሽ እንዳትደርሺ። ለእነሱ የሙታን መታሰቢያና የዓመቱ መዝጊያ ነው። ቀኑ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ የማርያም ዕለት መሆኑን ላንቺ አልነግርሽም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወዳጅሽን መጀመሪያ የምትጠይቂያት ጉባኤው ዝግ ነው ወይስ ክፍት የሚለውን ነው። ኮቨን የሚሉት ዝግ ቡድን አለ፤ በልማድ ከ13 ሰው አይበልጥም፣ አባላቱም በመሐላ የገቡ ናቸው። ወደዚያ ለመግባት የሚፈልግ ሰው በብዙዎቹ ዘንድ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይማራል፤ ይፈተናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደምንለው ነው፤ «እስኪ እኔም ልየው» ብሎ ማስቸገር ነውር ነው። አንዳንድ ኮቨኖች ዘንድ ሥርዓቱ የሚፈጸመው ራቁት ተሁኖ ነው። ክፍት ጉባኤ ላይ ግን ሰው ለብሶ ነው የሚመጣው። ይህንንም ሳታፍሪ ጠይቂ፤ ጥያቄው ለእነሱ አዲስ አይደለም፣ አይቀየሙሽም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለወዳጅሽ ሳይሆን ለራስሽ ነው። ወደ ክቡ የሚገባ ሰው በፍጹም ፍቅርና በፍጹም መተማመን መግባት አለበት ይላሉ፤ አንዳንዶቹ በር ላይ ቃል ያስገባሉ። በክቡ ውስጥ አማልክቱ በስም ይጠራሉ። አንቺ ደግሞ በእናትሽ ጀርባ ታዝለሽ ቤተ ክርስቲያን ያደግሽ ልጅ ነሽ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። እኔ በተጠራሁበት ጊዜ «እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጸሎታችሁን ልጸልይ አልችልም፤ ደስታችሁን ግን ልካፈል» አልኋቸው። ከክቡ ውጭ ወንበር ሰጡኝ፤ በኋላ ማዕዱ ላይ አብሬ ተቀመጥሁ። ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም። አንዳንዱ ጉባኤ ተመልካች አይፈቅድም፤ የመጣ ሁሉ መግባት አለበት ይላል። እንዲያ ከሆነ ከሥርዓቱ በኋላ ለምግቡ ልድረስ ብለሽ ጠይቂ። የነፍስ አባትሽንም አማክሪ፤ ምን እንደሚሉሽ ብትገምቺም ከአፋቸው ስሚው። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። እኔ የማልወደው ገብተሽ ከንፈርሽ እነሱን እያስመሰለ ልብሽ በድብቅ ሲያማትብ ነው። ያ ለእነሱም ስድብ ነው፣ ለእምነትሽም ክህደት።

ከሁሉ ይበልጥ አስቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ይኸውልሽ። በሳዊን ሌሊት የሙታን ፎቶግራፍ በመሠዊያው ላይ ይደረደራል። ከዚያ በየተራ እያንዳንዱ ሰው የሞተበትን ሰው ስም ይጠራል። ተራው ሲደርስሽ የእናትሽ ስም አፍሽ ላይ ይመጣል፤ አውቃለሁ፣ ሐዘኑ ገና አልወጣልሽም። በጨለማ፣ በሻማ ብርሃን፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ልብ ይላላል። እናትሽ ለእኔ እህቴ ናት፤ ፍትሐቷ ተፈትቷል፣ ተዝካሯም ወጥቷል። ስሟን በዚያ ክብ ውስጥ መጥራት ከፈለግሽ ዛሬ በቀን ብርሃን፣ በረጋ ልብ ወስኚ። ካልፈለግሽ ተራው ሲደርስሽ ዝም ብለሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ፤ ተራው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዝም አይነቅዝም።

ለመሄድ ከቆረጥሽ ዝግጅቱ ቀላል ነው። ታጥበሽ ሂጂ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ታጥበው ነው የሚመጡት። ጠጥተሽ እንዳትሄጂ። ሻማ መሬትም መሠዊያም ላይ ስለሚነድ የተንዘረፈፈ እጅጌና ጫፉ የረዘመ ነጠላ አይሆንም፤ ውጭ ከሆነም ጥቅምት ብርድ ነው፣ ደርቢ። ዕጣን ያጨሳሉ፤ አስምሽ የሚነሣብሽ ከሆነ ለወዳጅሽ ቀድመሽ ንገሪያት። ከሥርዓቱ በኋላ እያንዳንዱ ይዞ ከመጣው ይበላል፤ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ከመካከላቸው ሥጋም ወተትም የማይነካ አይጠፋምና የጾም ምግብ ይዘሽ ብትሄጂ ሁሉንም ታዳርሻለሽ፤ ምስር ወጥሽ የታወቀ ነው። ምን ምን እንደገባበት በወረቀት ጽፈሽ ሳህኑ ላይ ለጥፊ። እንጀራው ስንዴ የተደባለቀበት ከሆነ ደግሞ አትደብቂ፤ ስንዴ የሚያሳምመው ሰው ጤፍ ብቻ መስሎት እንዳይበላ።

ሰዓት አክብሪ። እነሱም እንደኛ በማርፈዳቸው በራሳቸው ይቀልዳሉ፤ ግን ክቡ አንዴ ከተዘጋ «መንገድ ተዘጋግቶብኝ» የሚባል የለም። ሥርዓቱ ሊጀመር ሲል የሚደረገውን የሚያስረዳ ሰው ይኖራል፤ የእሱን ቃል አዳምጪ። ስልክሽን ዝጊው፤ ንዝረት ላይ ማድረግ መዝጋት አይደለም። ከዚያ በጨው ውሃና በዕጣን ያነጹሻል፤ ክቡም በእግር እየተዞረ ይበጃል። የድሮው ልክ ወርዱ 9 ጫማ ነው፤ ሰው ሲበዛ ይሰፋል። ቀጥሎ አራቱ ማዕዘናት ይጠራሉ፦ ምሥራቅ ከነፋስ፣ ደቡብ ከእሳት፣ ምዕራብ ከውሃ፣ ሰሜን ከምድር ጋር። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደሚጠራው ማዕዘን ሲያዞር አንቺም ከገባሽ ዙሪ። መራመድ ሲያስፈልግ ሁልጊዜ ሰዓት እንደሚዞረው ነው፤ አቋራጭ ፈልገሽ በተቃራኒው ብትሄጂ ክቡን እንዳፈረስሽባቸው ይቆጥሩታል። በየጸሎቱ ማብቂያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ይሁን» ይላሉ። ያላመንሽበትን «ይሁን» አትበዪ፤ ማንም አይቆጥርብሽም።

መሠዊያው ላይ ያለውን ነገር አትንኪ። እጀታው ጥቁር የሆነ፣ አታሜ የሚሉት ቢላዋ ታያለሽ። ሥጋም ገመድም አይቆረጥበትም፤ ለሥርዓቱ ብቻ ነው። ባለቤቷ ለዓመታት የያዘችውና የእኔ ኃይል አለበት የምትለው ዕቃ ነው። ኩባያውም፣ በትሩም፣ አንገቷ ላይ ያለው ሐብልም እንዲሁ። «እንዴት ያምራል!» ብለሽ እጅሽን አትስደጂ፤ በዓይን ማድነቅ ይበቃል፣ ማየት ከፈለግሽ ጠይቂ። ባለ አምስት ጫፍ ኮከባቸውንም ለአንድ ምሽት ብለሽ ገዝተሽ አንገትሽ ላይ አታድርጊ። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ከክቡ ውስጥ መውጣት ቢያስፈልግሽስ? ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት ወጣት ሥርዓቱ መካከል ላይ ፊቷ ገረጣ። አልሮጠችም፤ አጠገቧ ላለችው አንሾካሾከች። ያቺኛዋ ለመሪዋ በዓይኗ ጠቆመች፤ መሪዋ መዝሙሩን ሳታቋርጥ ቀረብ አለችና ባለ ጥቁር እጀታውን ቢላዋ ከመሬት ጀምራ ወደ ላይ፣ ከራስዋ በላይ አድርጋ ወደ ታች በአየር ላይ አስኬደችው፤ የበር ቅርጽ ሠራች ማለት ነው። ልጅቷ በዚያ በኩል ወጣች። መሪዋ ቢላዋውን በመጣበት መንገድ መልሳ በሩን ዘጋችው። ልጅቷ አየር ወስዳ ስትመለስ እንደገና ተከፈተላት። ሁሉም ነገር በእርጋታ ሆነ፣ ማንም አልደነገጠም። አንቺም ሽንት ቢይዝሽ፣ ጭሱ ቢከብድሽ ወይም ልብሽ «እዚህ አልሆንም» ቢልሽ በር ማስከፈት መብትሽ ነው። ነውሩ በዓይን የማይታየውን መስመር ግድ ሳይሰጡ ሰንጥቆ መሄድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ወደ መጨረሻው ኅብስትና ጽዋ ይዞራል። እዚህ ላይ የጽዋ ማኅበራችን ትዝ ይልሻል፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የሚሰጠው ለሚቀበለው ቃል ይመርቃል። እነሱም ሲሰጡ «እንዳትጠሚ» ይላሉ፤ ይመርቃሉ። ልዩነቱ ግን በማን ስም እንደተባረከ ነው፤ ይህንንም አትርሺ። ጽዋው ላይ ወይን ሊኖር ይችላል፤ የማይጠጣ ሰው ካለ ጭማቂ ያለበት ሌላ ኩባያ አብሮ የሚያዞሩ አሉ። መቅመስ ካልፈለግሽ በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ ጥቂት ከፍ አድርጊውና ለሚቀጥለው አሳልፊ። ያን ያደረጉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ማንም «ለምን?» አላለም። ፊትሽን አዙረሽ፣ እጅሽን አጣጥፈሽ ግን እምቢ አትበዪ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ቅር የሚያሰኘው አለመቅመስሽ ሳይሆን የፊትሽ ነገር ነው። የተረፈው ለምድር ይፈስሳል፤ የምድር ድርሻ ነውና «ጠጪው፣ ይባክናል» አትበዪ።

ምኞት የሚጠየቅበት ሰዓትም አለ። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዘመሩ ኃይል እናሰባስባለን ይላሉ፤ ያንን ለታመመ ሰው፣ ሥራ ላጣ ሰው ይልኩታል። ስለሌላ ሰው የሚለምኑት ደግሞ ሰውየው ሲፈቅድ እንዲሆን ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ በአለቃሽ ላይ ያለሽን ቂም ይዘሽ እንዳትቀርቢ፤ ያን ጊዜ አገር ቤት የቀረውን ጠንቋይ ያመጣሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ስብከትም ይዘሽ አትግቢ። ከሥርዓቱ መካከል ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጸሎት መድገም፣ ወይም በሹክሹክታ «ይህ ስሕተት ነው» ማለት፣ ባልበላውም ጭሬ ልበትነው አለች ዶሮ ነው። ስለ እምነትሽ የሚነገር ነገር ካለሽ ማዕዱ ላይ ሲጠይቁሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እንዲያውም ይጠይቁሻል።

ክቡ ሲፈታ ወዲያው ቁልፍሽን አንሥተሽ አትሩጪ። ከእንዲያ ካለ ሌሊት በኋላ መብላትና መሬት ላይ መቀመጥ ሰውነትን ያረጋጋል ይላሉ፤ ከመንዳትሽ በፊት አንቺም ብዪ። ወንበር አንሺ፣ ሳህን እጠቢ፤ ያልለኮስሽውን ሻማ ግን ሳትጠይቂ አታጥፊ። መዋጮ ሣጥን ካለ የአዳራሹን ኪራይ አግዢ። ማቀፍ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ ማቀፍ የለም፣ ላንቺም ለእነሱም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃልና ፍቅር አሳየሁ ብለሽ ሰው ላይ አትጠምጠሚ። በተረፈ ማንም ሰው «ለመግባት ይህን ያህል ክፈዪ» ካለሽ፣ ወይም ሳትፈልጊ ልብስሽን አውልቂ፣ ከእኔ ጋር ብቻሽን ነዪ ካለሽ ያን ጊዜ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም፤ ውጪና ለወዳጅሽ ንገሪ። ዊካዎቹ ራሳቸው እንዲህ ያለውን ሰው ያወግዙታል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው አፍሽ ነው። ፎቶ አታንሺ፤ መሠዊያውን ብቻ ላንሣ አትበዪ። እዚያ ያየሽውን ሰው ነገ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብታገኚው «ያን ዕለት ክቡ ውስጥ…» ብለሽ አትጀምሪ። ገሚሶቹ እዚያ የሚጠሩት በሌላ ስም ነው፤ ምክንያቱም ሥራቸውን ወይም ልጅ የማሳደግ መብታቸውን እንዳያጡ የሚሰጉ አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይምሰልሽ። በ1692 በሳሌም፣ ማሳቹሴትስ 19 ሰው ጠንቋይ ተብሎ ተሰቅሏል። የተሰቀሉት የዊካ ሰዎች አልነበሩም፣ ዊካ ገና አልተወለደም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በእኛ ዘመን እንኳ አፍጋኒስታን ላይ በ2005 የሞተ ፓትሪክ ስቱዋርት የሚባል የኔቫዳ ወታደር፣ የሃይማኖቱ ኮከብ በመታሰቢያው ላይ እንዲቀረጽለት ባለቤቱ መሟገት ነበረባት፤ የፌዴራል መንግሥት የፈቀደው በ2007 ነው። ከኛ ሰፈር ወንዝ ማዶ፣ አርሊንግተን መካነ መቃብር ዛሬ ያ ኮከብ ያለባቸው የወታደር ድንጋዮች አሉ።

«እነሱ ምናችን ናቸው?» የሚሉሽ ይኖራሉ። እኛስ ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን፣ ቤተ እስራኤሉን ቡዳ እያልን ስናሸማቅቅ አልኖርንም? ያን ስም የተሸከሙት ሰዎች ልጆች ዛሬ እዚሁ ከተማ ጎረቤቶቻችን ናቸው። በሰው አገር ጥቂት ሆኖ፣ በጸሎቱ በአለባበሱ እየታየ የሚኖር ሕዝብ ነግ በኔ ማለትን ካልተማረ ከማን ይማር?

እንግዲህ ዛሬውኑ ለወዳጅሽ ደውዪላት። ጉባኤው ክፍት ነው ወይ? ዳር መቆም ይፈቀዳል ወይ? ምን ይለበሳል? ጽዋው ላይ ያለው ምንድን ነው? የሙታን ስም በየተራ ይጠራል ወይ? ክቡ ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋል? ይህን ስትጠይቂያት አታፍርብሽም፤ ይልቅ የከበረ ነገር መጋበዟን እንዳወቅሽላት ታያለች። መልሱን ሰምተሽ «እገባለሁ» ካልሽ ግቢ፤ «ዳር እቆማለሁ» ካልሽ ቁሚ፤ «አልመጣም» ካልሽም በግልጽ ንገሪያት፣ በማግሥቱ ግን ምሳ ጋብዣት። ሦስቱም ያስከብራሉ። የሚያሳፍረው ገብቶ አለመግባት ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ልብሽን ከአፍሽ አያለያይብሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ መወደድን ይስጥሽ።

አጎትሽ